ስመኝን ኳስ ተይ ልላት ሄጄ

ነፋስ መውጫ ሜዳ ዳር ቆሜ የጮኽኩት ጩኸት ሐሙሲት ድረስ ተሰማ የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። ውሸታቸውን ነው፤ በመካከሉ የጉና ተራራ አለ። የማርያም ማኅበርተኞቼ ግን ከተመለስኩ ወዲህ ወፍጮ ቤትም ገበያም ባገኙኝ ቁጥር «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን» እያሉ ሰላም ነሱኝ። በአፌ ሳወራው ደግሞ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስትወጣ ጫፉ እየጠፋባቸው እርስ በርስ ተከራከሩበት። ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። የፊደል ስህተት ያየ ያርመው፤ ነገሩን ግን የነበርኩበት እኔ ነኝና ማንም አያርመኝ።

ትልቋ ልጄ ስመኝ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገብታለች። የላክናት ሒሳብ አያያዝ እንድትማር ነው። እሷ በላዩ ላይ ቅርጫት ኳስ ጨመረችበት። ጨዋታውን እዚህ ያየው ስለሌለ ላስረዳ፤ ረጅም ብረት ይተከልና ጫፉ ላይ ክብ ቀለበት ይታሰራል፤ ከቀለበቱ መረብ ይንጠለጠላል፤ መረቡ ግን ቂጥ የለውም። ኳሱን ከላይ ሲከቱት ከታች ይወርዳል። ስንዴ ቢሰፍሩበት አንድ ፍሬ አይዝም። አምስት ልጆች ከአምስት ልጆች ጋር ሆነው ያን ቂጥ የለሽ ዕቃ እሞላለሁ ሲሉ ላብ በላብ ይሆናሉ።

የስመኝ ቡድን ታዲያ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ የገጠመው ሁሉ አሸንፎታል። ወረታ ሄደው ተሸነፉ። እስቴ ሄደው ተሸነፉ። በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ኳሳቸው ተሸነፉ። ስመኝ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «እማ፣ ዛሬም አልሆነልንም፤ ጉልበቴም ትንሽ ተላጠ» ትለኛለች። እኔ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጆቼ ዛፍ ሲወጡ ከሥር ቆሜ ነጠላዬን ዘርግቼ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። አጥንቷ ሲሰበር፣ መኪናው ሲገለበጥ፣ ሁሉም በየተራ ይታየኛል።

ባለቤቴ አያልነህ ደግሞ የሚያንገበግበው ሌላ ነው።

«ማሸነፍ እንኳ የሌለበት ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ። «የእኔ ልጅ በየአገሩ እየዞረች ስትሸነፍ አገር ይስማ? ሂጂና ተይ በያት። ሳትተው እንዳትመለሽ።»

ሄድኩ።

ሐሙስ

አስተዋይ ሰው በገበያ ቀን ከሐሙሲት አይነሣም። ይህን እያወቅኩ ተነሣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ይልቅ የሽንኩርት ማዳበሪያ ይበዛል። በሁለት ማዳበሪያ መካከል ገባሁ፤ ጭኔ ላይ የእኔ ስንቅ፣ ስንቁ ላይ የማላውቃት ሴትዮ ዶሮ። ስንቄ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ነው፤ ልጅ ኮሌጅ ገብታ ጠግባ ትበላለች ብላ የምታምን እናት አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ?» አሉኝ። የዘመኑ ሰላምታ ይህ ሆኗል፤ እንደምን ዋላችሁን ቀድሞታል።

«ሰላም ነው ይላሉ» አልኩ።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«እኔ እኮ እርስዎ ያሉ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ ሁለታችንም አባታችን ሆይ ጀመርን።

እስከ ወረታ አገሩ እንደ እኛው ነው፤ ለጥ ያለ፣ ሩዝና ሽንኩርት። ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈው ዓለም በርን ሲያልፉ ግን መሬቱ ተነሥቶ ይቆማል። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። በአንድ ዓይኔ ሰረቅ አድርጌ ሳይ ዶሮዋም ጨፍናለች። ሾፌሩ አንድ እጁን በስልኩ፣ አንድ እጁን በመሪው ይዞ ከሚስቱ ጋር ስለ በርበሬ ይጨቃጨቃል። «አባቴ፣ እሷ በርበሬውን እንዳሻት ታድርገው፤ አንተ መሪውን ያዝልን» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ዘወር ብሎ አየኝ፤ ዘወር ማለቱ ይባስ አስጮኸኝ።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ዶሮዋ ስንቄ ላይ እንቁላል ጥላለች። ለባለቤቷ ላቀብላት ብል እምቢ አለች፤ «ጭንሽ ላይ ነው የጣለችው፤ ድርሻሽ ነው። ለልጅሽ አድርጊላት» አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወርዳ ሄደች።

ደብረ ታቦር ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐሙሲት ላይ ውኃ ቢደፋ እዚያው ቆሞ ትንኝ ያፈራል፤ ደብረ ታቦር ላይ ቢደፋ የደፋውን ሰው ጥሎት ይሄዳል። ብርዱም በጠራራ ፀሐይ ነው። ስመኝ በባጃጅ መጥታ ስትቀበለኝ ከስታ፣ ቁመት ጨምራ አገኘኋት። አገላብጬ ጉልበቷን፣ ክርኗን፣ ጣቶቿን አየሁ። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ እንደዚያ አያገላብጥም።

«ኳሱን ተይ ልትዪኝ ነው አይደል የመጣሽው?» አለችኝ።

«አባትሽ ነው የላከኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ድሮም ፈርቻለሁ።»

«እማ፣ ነገ ነፋስ መውጫ እንሄዳለን። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ቅዳሜ ነው። ስጫወት አንድ ቀን አይተሽኝ አታውቂም። አብረሽኝ ሂጂና እዪኝ። ካየሽኝ በኋላ ተይ ካልሽኝ፣ በእመቤታችን፣ እተዋለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ምን እላለሁ? በእመቤታችን ብላለች።

አሰልጣኙም ዕድሉን አላጣም። ቻላቸው የሚባል ወጣት መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ በዚያ ዓመት ግን ከስሙ በተቃራኒ ማንንም ያልቻለ። የሴት ልጆች ቡድን ያለ ሴት አስተባባሪ አይወጣም፤ አስተባባሪዋ መምህርት ደግሞ ታማለች። «እናቴ፣ እርስዎ ይሁኑልን» ብሎ ፋሻና ቁስል ማጠቢያ የሞላበት ቦርሳ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ደም ሳይ ጉልበቴ የሚከዳኝን ሰው የቁስል ኃላፊ አደረገኝ። የዚያን ቀን ልጆቹ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ሥር አደርኩ። ከላይ የተኛችው ልጅ ስትገላበጥ አልጋው ሲያቃስት እኔም አብሬው ሳቃስት ነጋ።

ዓርብ

በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ዓርብም አይጾምም። ቁርስ ላይ የዶሮዋን እንቁላል ቀቅዬ ለስመኝ ሰጠኋት። ቅርፊቱን ልጣ እንቁላሉን ለጓደኞቿ ሁሉ በየቁራሹ አካፈለቻቸው፤ ለራሷ አስኳሉን የነካ ጣት ብቻ ተረፋት። እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ አልኩ በልቤ። አሰልጣኙ ግን ራሱን ነቀነቀ።

አውቶቡሱ ያረጀ ነው። ጋሳይን ስናልፍ አሰልጣኙ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እነዚህን ልጆች ያሳደጋቸው ማን ነው?»

«ምነው፣ ምን አጠፉ?»

«ምንም። ጨዋዎች ናቸው።»

«ተመስገን!»

«ተመስገን አይደለም እናቴ! የፈጀን እኮ ጨዋነታቸው ነው። ሰው ሲነኩ ቆመው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እስኪጠይቁ ኳሱ ሄዷል። ያቺ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ፈጣን ናት። ሮጣ ትደርሳለች። ከደረሰች በኋላ ግን ሰው የያዘውን ኳስ አትነካም። እሷ የያዘችውን ሊነጥቋት ሲመጡ ደግሞ ወዲያው ትለቅላቸዋለች። ለምን ስላት መሬት መሬት ታያለች። ዓመቱን ሙሉ ለመንኳት።»

«ከሰው እጅ መንጠቅ ነውር ነዋ!»

«ጨዋታው እኮ መንጠቅ ነው እናቴ።»

ልጄን ለሌብነት ያጫት ያህል ተቆጥቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በመስኮቱም የሚታይ ነገር የለም። ጉና ጉም ለብሷል፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ገብስ ይሁን ገደል አይለይም። እኛ አገር ጉም ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ፀሐይ ስታየው ያፍራል፤ የጉና ጉም ግን ፊት ለፊት መጥቶ መስኮት ያንኳኳል። ሾፌሩ ዳር ዳሩን እያየ ሲሄድ የኋላው ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እኔ በዚያ ጊዜ የስንት ታቦት ስም እንደጠራሁ እነሱው ያውቃሉ።

ልጆቹ ግን አልፈሩም። ጫማቸውን አውልቀው ወረዱና ትከሻቸውን አውቶቡሱ ላይ አስደግፈው «ሃይ! ሃይ!» እያሉ ገፉት። አንዴ ወደኋላ፣ አንዴ ወደፊት፤ በመጨረሻ ያ ሁሉ ብረት ከጭቃው ተስፈንጥሮ ወጣ። አሰልጣኙ ወገቡን ይዞ አያቸው።

«ምናለ» አለ፣ «ሰውን እንዲህ ብትገፉልኝ!»

ክምር ድንጋይ የምትባለው ከተማ ላይ ወርደን እግራቸውን ታጠቡ። አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ጭቃቸውን አይቶ ከምድጃው ፍም ዝቆ በብረት ማንደጃ አቀረበላቸው፤ ሻዩንም ደገመልን። «ኳስ ተጫዋቾች ናችሁ? ማን ያሸንፋል?» አለ። «እነሱ» አለች ስመኝ። ሰውየው አዘነና ሦስተኛ ሻይ ቀዳላት።

ነፋስ መውጫን እንዲያ ብሎ የሰየማት ሰው ቀልደኛ አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ነፋስ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ሲወጣም አይቻለሁ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ወገን ዘመም ብሎ ይሄዳል። ነጠላዬ ከትከሻዬ ተነሥቶ የአንድ መንገደኛ አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ ሰውየው አጣጥፎ መለሰልኝና «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

ለልጆቹ ማደሪያ ተዘጋጅቷል፤ ለእኔ ግን አልጋ ያሰበ የለም፤ መምጣቴን ማን አውቆ። በሩ ላይ ቆሜ ሳለ እንግዶቹን ልታይ የመጣች በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ባንቺአምላክ ትባላለች። «እኔ ቤት እያለሁ የልጅ እናት ኮሪደር ላይ ልታድር? አፈር ስሆን፣ ነይ!» ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ቤቷ ገና ስንገባ ልጇን ጠራች። ከጓዳ የወጣችው ልጅ ወጥታ አላለቀችም፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ይነካል። ውዴ ትባላለች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ ሙቅ ውኃ በሳፋ አምጥታ ጫማዬን አውልቃ እግሬን አጠበች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸች፤ ስትጨርስ እግሬን ሳመች። እኛ ሐሙሲት ይህን ከተውን ቆይተናል፤ አገሩ ሞቃት ስለሆነ እንግዳውም ራሱ ታጥቦ ይገባል። እንባዬ መጣ። «ልጅ እንዲህ ነው!» አልኳት እናትየዋን።

«እሷም ነገ ትጫወታለች» አለችኝ ባንቺአምላክ። «ቁመቷን አይተው ከኳሱ ከተቷት። ልጆችሽን የምትገጥመው እሷ ናት።»

አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ሳታነሣ ሳፋውን ይዛ ስትወጣ አየኋት። ይህችን ከሆነማ ነገ አሸንፈናል አልኩ በልቤ።

ራት የገብስ እንጀራ በበግ ቅቅል ነበር። የእኛ ጤፍ ይሻላል ብዬ ነበር ልጽፍ፤ ግን በዚያ ብርድ ላይ የገብስ እንጀራን ያልቀመሰ አይፍረድ። በላይ በላዩ ጉርሻ፣ በላይ በላዩ «በሞቴ»። ሦስት ጊዜ ጠገብኩ ብዬ አራት ጊዜ ጎረስኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ባንቺአምላክ ቅቅል ድንችና አይብ በትልቅ ሰፌድ ሞልታ ለሁለቱም ቡድን ይዛ ሄደች። አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ ከለከላት።

«እናቴ፣ ከጨዋታ በፊት አይበላም!»

«እንግዳ በባዶ ሆዱ ሮጦ ደጄ ላይ ይሙትብኝ?»

«ሆዳቸው ይከብዳል!»

«የእኔዎቹም ይበላሉ፤ እኩል ይክበዱ።»

እኩል ከበዱ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ።

ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ መስመር አለው፤ ከዳር የከተማው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ከባንቺአምላክ ጋር በአንድ ጋቢ ገባን፤ ነፋሱ ሁለት ጋቢ አያስቆምም። የቁስል ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ። ፊሽካው ተነፋ፤ ስመኝ ኳሱን እያነጠረች ሮጠች። ያቺ በጉም ውስጥ አውቶቡስ የገፋች ልጅ ክንፍ አውጥታ በረረች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ልጄ እንዲያ መሆኗን ማን ነገረኝ?

ከዚያ ውዴ መጣች። ያቺ ዓይኗን የማታነሣ፣ እግሬን የሳመች ልጅ፣ በክርኗ ገፋ አድርጋ ከስመኝ እጅ ላይ ኳሱን መንጭቃ ሄደች። ስመኝ ደግሞ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ኳሱን በሁለት እጇ ለቀቀችላት፤ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብሉት።

«ምን ያለች ባለጌ ናት!» አልኩ፤ አመለጠኝ። ወዲያው ያለሁት በእናቷ ጋቢ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ባንቺአምላክ አልተቆጣችም። «እቱ» አለችኝ፣ «ቤት ውስጥ ሰው ናት። መስመሩን ከተሻገረች ግን እኔም እፈራታለሁ። ሜዳ ላይ ያልነጠቀች ቤት መጥታ ዕቃ ትሰብራለች። እዚያ ትጨርሰውና እዚህ ውኃ ታሞቃለች።»

ይህን ሳላላምጥ ሳልውጥ እነሱ ደጋገሙት። ውዴ ትነጥቃለች፣ ስመኝ ትለቃለች። የእነሱ ቁጥር እንደ ዳገት ይወጣል፤ የእኛ ቆሞ ያየዋል። እረፍት ሲሆን ልጆቹ መሬት ላይ ተዘረሩ። ስመኝ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ውኃ ሰጠኋት።

«ልጄ፣ እጅሽ ላይ ደርሶ ለምን ትለቂዋለሽ?»

እንግዳ ነገር የጠየቅኳት ይመስል ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ገዝተሽኝ የለም እንዴ?»

«እኔ? መቼ?»

«ልጅ ሆኜ። የጎረቤት ልጅ እሸት ነጥቄ የበላሁ ጊዜ። እናትየዋ መጥታ ስትጮኽብሽ፣ ሁለተኛ ከሰው እጅ ብትነጥቂ በእመቤታችን ገዝቼሻለሁ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ነጥቄ አላውቅም።»

እሸቱ ትዝ አለኝ። ጎረቤቷም ትዝ አለችኝ። ግዝቱ ግን ከልቤ ፈጽሞ ወጥቶ ነበር። ጥርሷ ገና በወለቀበት ዕድሜ የጣልኩባትን ግዝት ልጄ ቁመቷ በር እስኪሞላ ተሸክማው ዞራለች፤ ወረታም፣ እስቴም ተሸክማው ሄዳለች። አሰልጣኙ ዓመቱን ሙሉ የታገለው ከእኔ ጋር ኖሯል።

ቀና ስል ከተመልካቹ መካከል አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሮጬ ሄጄ ተሳለምኩ።

«አባታችን፣ ግዝት ይፍቱልኝ።»

«በምን ምክንያት ነው ልጄ?»

«ልጄ ኳስ እንድትነጥቅ።»

ዞር ብለው ሜዳውን አዩ፤ ስመኝን አዩ፤ የአገራቸውን ልጆች አዩ።

«ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቢሆን አይሻልም?»

«አባታችን!»

«የገዘታት ማን ነው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ አንቺው ፍቻት። የገዘተ ይፈታል። እኔን ግን በአገሬ ልጆች ላይ አታሰልፊኝ።» መስቀሉን በድጋሚ አሳለሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቶሎ በይ፤ ዳኛው ፊሽካውን አንሥቷል» አሉኝ።

ሮጬ ተመለስኩ። የስመኝን ራስ በሁለት እጄ ያዝኩ። «እኔ እናትሽ የገዘትኩሽን እኔው ፈትቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። ንጠቂ። ግን ሜዳ ውስጥ ብቻ ነው! ከነጩ መስመር ውጭ ግዝቱ እንዳለ ነው!»

«አሜን» አለች። ጓደኞቿም ከበውን ኖሮ አሜን አሉ። አሰልጣኙም አሜን አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልጻፈው። ስመኝ መጀመሪያ የነጠቀችው ከውዴ ነው። ውዴ ባዶ እጇን ዘርግታ ቀረች። ሁለተኛም ነጠቀች። ሌሎቹም ልጆች እሷን አይተው ይቅርታውን ተዉት። የእኛ ቁጥር ዳገቱን ጀመረ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «ንጠቂ! ንጠቂያት!» እያልኩ ስጮኽ ራሴን ሰማሁት። ባንቺአምላክም «ውዴ! ያዣት!» ትላለች። አንዱን ጋቢ እንደያዝን እኔ ወደዚህ ስጎትት እሷ ወደዚያ ትጎትታለች። በመካከሉ «ይቅርታ እቱ፣ ክርኔ ነካሽ» ትለኛለች። «ኧረ ምንም አይደል» እላለሁ። ደግሞ እንጮኻለን። ከኋላችን ቄሱ «ምነው ዝም ባልኩ» ሲሉ ሰማሁ።

አንዴ ሁለቱ ልጆች አንድ ኳስ ላይ ደረሱና ተጋጩ። ስመኝ ኳሱን ይዛ ቆመች፤ ውዴ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። የቁስል ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል ብዬ አልነበር? አልከዳኝም። ሮጬ ተንበርክኬ፣ ትናንት እግሬን ያጠበችኝን ልጅ ጉልበቷን አጠብኩላት። ፋሻውንም አሰርኩ፤ ጠላ ጋን እንደሚታሰር አጥብቄ። ዓይኗን ሳታነሣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለችኝ። መስመሩን ተሻግራ ገባችና ወዲያው ኳስ ነጠቀችን።

መጨረሻው ላይ ልንደርስባቸው አንዲት ቅርጫት ብቻ ቀረን። ስመኝ ሮጣ፣ ዘላ ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ተቀመጠ። ዞረ። አሁንም ዞረ። የሰዉ ሁሉ ትንፋሽ ቆመ፤ ነፋሱ ብቻ አልቆመም። ኳሱን እፍ ብሎ ወደ ውጭ አንከባለለው፤ ፊሽካው ተነፋ።

ተሸነፉ። እኔ ግን የልጆቹን ጩኸት ስሰማ ሒሳቡን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ተቃቅፈው ይዘላሉ። «በአንድ ብቻ! በአንድ ብቻ ተሸነፍን!» ይላሉ። ባንቺአምላክ እልል አለች፤ ለእኛ ይሁን ለእነሱ አልጠየቅኳትም።

ስመኝ በላብ ተነክራ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሳቋ ጠፋ።

«እማ፣ አየሽኝ። አሁን ፍረጂ።»

አሰልጣኙን ጠራሁት። «መልሱ መቼ ነው?»

«የምን መልስ እናቴ?»

«ብድሩ ነዋ! እነዚህ ልጆች መጥተው የምንከፍላቸው መቼ ነው?»

«የዘንድሮው አለቀ። ለዓመት ደብረ ታቦር ይመጣሉ።»

«ዓመት ሙሉ ብድር ተሸክመን ልንቀመጥ?» አልኩ።

ስመኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ላቧ ነጠላዬን አበላሸው፤ ይበላሽ።

እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሰን ተነሣን። ባንቺአምላክ አንድ ከረጢት ድንች አሸከመችኝ፤ እኔም የተረፈኝን ዳቦ ቆሎ ሰጠኋት። ለዓመት ስትመጣ ሐሙሲት ወርዳ እኔ ዘንድ እንድታርፍ አስማልኳት። ውዴ እያነከሰች ከረጢቱን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመችልኝ። ክምር ድንጋይ ላይ የሻይ ቤቱ ሰው ከሩቅ አይቶን «እህሳ?» ብሎ ጮኸ። «ተሸነፍን!» ብለው ልጆቹ በሙሉ ሳቁበት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀረ።

ጉና ያን ቀን ጉሙን አውልቆ ነበር። ገደሉን በሙሉ አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ላይ ስመኝን ተሰናብቼ ሐሙሲት ስገባ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ አገሬ መግባቴን አወቅኩ። አያልነህ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ተወችልሽ?» አለኝ፣ ከረጢቱን ሳላወርድ።

«መጀመሪያ የሆነውን ስማኝ። አንዲት ረጅም የነፋስ መውጫ ልጅ መጣችና ከልጅህ እጅ ላይ ኳሱን መነጨቀቻት።»

ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ልጄ ዝም አለች?»

«መጀመሪያ ዝም አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጠቀቻት። ልጅቱም ወደቀች።»

«እሰይ!»

«እሰይ አይባልም። ቤቷ ሳድር እግሬን አጥባኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። ጉልበቷንም አጥቤላታለሁ።»

«ካጠብሻት ደግ ነው። ኳሱስ?»

«ኳሱን ነፋስ ወሰደው። በአንዲት ቅርጫት ተሸነፍን።»

«ተሸነፍን?» አለ። «አንቺም ተጫውተሻል?»

ከረጢቱን አወረድኩ። ተይ በያት ብሎ የላከኝን ረስቶታል ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ ዱላውን ከግድግዳው አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«እንግዲህ ብድር በምድር ነው» አለ። «መልሱ መቼ ነው? ማን ነው የሚዳኘው? እኔም እሄዳለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እየደወለ ስመኝን «ሮጥሽ? ዘለልሽ?» ይላታል። ሒሳብ አያያዙን አንድ ቀን አልጠየቃትም። ዱላውን ደግሞ ቅቤ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

ስለዚህ ማኅበርተኞቼ ሆይ፣ በጸሎት አግዙኝ የምላችሁ ስለ ስመኝ አይደለም። እሷስ ተፈታለች። የእኔ ፍርሃት ለዓመት ሜዳ ዳር አያልነህን ማን እንደሚይዘው ነው። እንዳልገዝተው ደግሞ፣ የግዝት መፍቻው በእረፍት ሰዓት ቄስ ፍለጋ እንደሚያስሮጥ አይቼዋለሁ።